ዊርካ ቆጣሪውን የቆለፈ ዕለት

ዊርካን ልገድለው የተመኘሁት በዝምታ ቀን ነው። በዓመት አንዴ፣ ከንጋት እስከ ንጋት፣ እሳት የማይነድበት፣ ሥራ የማይሠራበት፣ ሰው ከደጁ የማይወጣበት ቀን አለን። ድምፅ ማሰማትማ አይታሰብም። ዓመቱን ሙሉ ቀን ሞልቶለት ሳለ ቆሽቴን ለማሳረር ይችን መረጠ። በሌላ ቀን ቢሆን ኖሮ ጩኸቴ ተራራው ድረስ ይሰማ ነበር።

ዊርካ የሟቹ ባሌ የዳንታ ታላቅ ወንድም ነው። የምንኖረው በአንድ ግቢ ነው፤ እሱ ከሚስቱ ጋር በትልቁ ቤት፣ እኔ ከወጥ ቤቱ ጎን ባለችው ክፍል። ክፉ ሰው አይደለም፤ ይህን አስቀድሜ ልናገርና ልገላገል። ችግሩ መጠበቅ አለመቻሉ ነው። ሩዝ ሳይበስል ክዳኑን ይከፍታል። ጥሬ ማንጎ ያወርድና ኮመጠጠኝ ብሎ ዛፉን ይረግማል። እንዲህ ያለውን ሰው መንደሩ የዘበኞች አለቃ አድርጎ ሾሞታል።

ነገሩ ስለ አንዲት የባሕር አበባ ነው። አበባ እንላታለን እንጂ እንስሳ ናት፤ አፍ አላት፣ የምትሄድበት እግር አላት፣ ጣቶቿ ያቃጥላሉ። ነጭ መቀነት ያላቸው ብርቱካንማ ዓሦች በጣቶቿ መሃል ተሸሽገው ያድጋሉ። እኔ ልጅ ሳለሁ፣ ባሕሩ ሲሸሽ በመንደራችን ፊት ለፊት ያለው ድንጋይ ላይ እግር ማሳረፊያ እስኪጠፋ ድረስ ሞልተው ነበር። ኋላ ዓሣና አበባ ገዢ ነጋዴዎች ከከተማ መጡ። መርዝ በውሃ በጥብጠን ድንጋዩ ሥር እየረጨን ዓሣውን አደንዝዘን ለቀምነው፤ አበቦቹን በመሮ ፈልቅቀን በላስቲክ ከረጢት እያሰርን ላክናቸው። "ረጨን" የምለው እኔም ስለነበርኩበት ነው። በመጨረሻ የመንደሩ ሸንጎ አስቆጥሮ ሲያይ ሦስት ቀርተዋል። ሦስት! ከዚያ ወዲያ አበባ የነካ ሰው ከመቅደስ እንዲታገድ ተወሰነ።

እኔ ደግሞ ባሌ ከሞተ በኋላ ከተማ ወርጄ በአንድ የዓሣ ነጋዴ ቤት አሥራ አንድ ዓመት ገንዳ ስጠብቅ ኖሬያለሁ። የባሕር አበባ በመስታወት ገንዳ ውስጥ ከተመቻት ራሷን ለሁለት ከፍላ እንደምትራባ በዓይኔ አይቻለሁ። ስመለስ ሸንጎው ፊት ቆሜ፣ "አንዷን ስጡኝ፤ አርብቼ ልጆቿን ወደ ድንጋዩ እመልሳለሁ" አልኩ። ሳቁ። እንዲያ የሚሳቅ ነገር አልተናገርኩም ነበር። ያን ጊዜ ዊርካ ብድግ ብሎ፣ "እኔ ዋስ ነኝ። ከሞተች አለቃነቴን ውሰዱ" አለ። ይህንንም አልክድም። ሸንጎው ፈቀደ። አንዲት አበባ፣ አንዲት ጊዜ። ከሞተች ሌላ የለም፤ የቀሩት ሁለቱ ባሉበት እስኪያልቁ ማንም አይነካቸውም።

ገንዳውን በክፍሌ ውስጥ ተከልነው፤ ርዝመቱ አልጋ ያህላል። የባሕር ውሃ በበርሜል አመላለስን፣ ከባሕር የወጣ ድንጋይ ደረደርን፣ ውሃውን የሚያዞር ፓምፕ ገጠምን። ከዚያ መጠበቅ ነው። ውሃው መጀመሪያ ይገማል። ቀጥሎ ድንጋዩ ቡናማ ንፍጥ ይለብሳል፣ ከዚያ አረንጓዴ ጸጉር ያበቅላል፣ ያየው ሁሉ አበላሸሽው ይላል። በዚህ ሁሉ መሃል የማይታዩት ነገሮች አንዳቸው የሌላውን ቆሻሻ እየበሉ ቦታ ቦታቸውን ይይዛሉ። ይህ ወራት ይፈጃል፤ ማንም ሊያፋጥነው አይችልም። የከተማ ሰው ግን ገንዳ በገዛ በሳምንቱ አበባ ይከትበታል። በአሥረኛው ቀን ቀልጣ ንፍጥ ትሆናለች፣ አብረዋት ያሉትንም መርዛ ትገድላለች። ሰውየው ይመጣና "የሸጣችሁልኝ በሽተኛ ናት" ይላል፤ ሌላ ይገዛል። ስንቷን በገዛ እጄ አሽጌ እንደሰጠሁ አትጠይቁኝ።

ዊርካ በሦስተኛው ሳምንት መጥቶ አፍንጫውን መስታወቱ ላይ ለጠፈ።

"ራስቲ! ውሃው ጠራ እኮ!"

"ጠራ እንጂ አልበሰለም።"

"ውሃ ይበስላል እንዴ? ሾርባ ነው?"

"ጋሼ፣ ቢያንስ ስድስት ወር ብዬሃለሁ።"

"ስድስት ወር! ሰው ራሱ በዘጠኝ ወር ይወለዳል፤ ለዚህ ለውሃ ስድስት?"

"እንግዲያው አንተ እርገዘው" አልኩት። ሚስቱ ከወጥ ቤት ሆና ስትስቅ ሰማት፤ ተናዶ ወጣ።

በሁለተኛው ወር የእንስሳት ቀን ደረሰ። በየሁለት መቶ አሥር ቀኑ የምትመጣ ቅዳሜ ናት፤ ላሙ፣ አሳማው፣ ዶሮው ሳይቀር ይባረክባታል። ዊርካ የቀን መቁጠሪያውን ጠቅልሎ እንደ ዱላ ይዞ መጣ።

"ዛሬ እናስገባታለን። ከዛሬ የተሻለ ቀን የለም።"

"አናስገባም።"

"ይቺ ካለፈች ሰባት ወር ነው ደግሞ የምንጠብቀው! ሰባት!"

"ትለፍ።"

"ቀኑ የተባረከ ነው እያልኩሽ!"

"ቀኑ ቢባረክም ውሃው ገና ጥሬ ነው። ወይስ የተባረከ ቀን ጠብቀህ ነው ማንጎ የምታወርደው?"

የቀን መቁጠሪያውን ወርውሮ ሄደ። ትንሽ ቆይቶ ተመልሶ፣ ዓይኔን ሳያይ፣ አበባና ሩዝ የያዘች የዘንባባ ቅጠል ሳህን ባዶው ገንዳ ላይ አስቀመጠ። አሥራ ሁለት ቀን አላናገረኝም። ደስ የሚል ጊዜ ነበር።

መንደሩ ግን አላስቀመጠውም። ጎረቤታችን ሙድራ በየማለዳው በአጥሩ ላይ ብቅ ይልና፣ "ጋሼ ዊርካ፣ ውሃው እንዴት አደረ? ሳል ነገር ለቀቀው?" ይለዋል። "የባዶ ውሃ ዘበኛ" የሚል ስም አወጡለት። እሱ ከሙድራ የጠጣውን መርዝ ይዞ መጥቶ እኔ ላይ ይተፋዋል። "ሰው አሳቅሽብኝ! በሸንጎ ፊት ስሜን ያስያዝኩት ለጭቃ ነው?" ይላል። እኔም መልስ አላጣም። እንዲህ ስንነታረክ ወራቱ አለፉ።

በሰባተኛው ወር፣ ምንም በሌለው ተራ ማክሰኞ፣ ገንዳው ደረሰ። አረንጓዴውን ጸጉር ቀንድ አውጣዎቹ ግጠው ጨርሰዋል። ድንጋዩ ወይን ጠጅ ቅርፊት ለብሷል፤ መስታወቱ ላይ ከሩዝ ፍሬ ያነሱ ነፍሳት ይርመሰመሳሉ። ባሕሩ ሲሸሽ ወረድኩ። መሮ አልያዝኩም። እግሯን በጥፍሬ ጫፍ፣ ትንሽ በትንሽ፣ እስክትለቅልኝ ድረስ ግማሽ ቀን ውሃ ውስጥ ቆየሁ። ዊርካ ባልዲ ይዞ ዳር ላይ፣ "ለቀቀች? አሁንስ ለቀቀች?" እያለ ጆሮዬን አደነቆረው።

ገንዳ ውስጥ ዘጠኝ ቀን ዞረች። የፓምፑ አፍ እንዳይስባት በመረብ ሸፈንኩት። በአሥረኛው ቀን ከአንድ ስንጥቅ እግሯን ሰክታ ጣቶቿን ዘረጋች። ዊርካ መንደሩን ሰብስቦ አሳየ። ሙድራ እንኳ መጥቶ ሳያሾፍ ወጣ። እኔም ለአምስት ሳምንት ያህል ሰው መሆኔ ታወቀኝ።

የዝምታ ቀን ሊደርስ ሲል ዊርካን ቁጭ አድርጌ ነገርኩት። "መብራቱን አጠፋለሁ። ፓምፑን ግን ማጥፋት አይቻልም፤ ውሃው ከቆመ አየር ያጥራታል። በፎጣ እጠቀልለዋለሁ፣ ድምፁ ከክፍሌ አይወጣም" አልኩት። "እሺ፣ እሺ፣ ገባኝ" አለ። ሲቸኩል እንዲህ ነው የሚለው።

በዝምታው ቀን ማለዳ ነቃሁ። አገሩ ሁሉ ጸጥ ብሏል። የእኔ ክፍል ጸጥታ ግን ከመጠን አለፈብኝ። ስምንት ወር ከጆሮዬ ያልተለየው የፓምፕ ድምፅ የለም። ገንዳው ረግቷል። ወደ ግቢው ብወጣ የመብራት ቆጣሪው ጠፍቶ ሳጥኑ ተዘግቷል፤ ክንድ የሚያህል ጓጉንቸር ተንጠልጥሎበታል። የዊርካ ሚስት በረንዳ ላይ ተቀምጣለች። በእጄ "ቁልፉስ?" አልኳት። ጣቷን ወደ መንገዱ ቀስራ ትከሻዋን ነቀነቀች። በዚያ ቀን መንገድ ላይ መውጣት የሚችለው ዘበኛ ብቻ ነው። የዘበኞቹ አለቃ ደግሞ እሱ ነው።

አንድ ጣሳ አነሣሁና ከገንዳው እየቀዳሁ፣ አየር እንዲቀላቀልበት ከፍ አድርጌ መልሼ አፈስ ጀመር። አፌ ዝም ብሏል፤ ልቤ ግን በሕይወቴ የሰማሁትን ስድብ ሁሉ በተራ ይደረድራል። አበባዋ ጣቶቿን ሰብስባ ጭብጥ አክላለች። ባሕሩ ሲሸሽ በድንጋዩ ላይም እንዲህ ትሆናለች፤ ያ ግን ለጥቂት ሰዓት ነው። ፀሐይዋ ከፍ እያለች ስትሄድ አፏ መከፈት ጀመረ። አፏ ሲከፈት መቅለጥ እንደሚከተል አውቃለሁ።

ጣሳውን ባነሣሁ ቁጥር ዳንታ ይመጣብኝ ነበር። ያን ጊዜ ዓሣ አጥማጆቻችን የሚጠልቁት ጀልባ ላይ ያለ ሞተር በረጅም ቱቦ አየር እየላከላቸው ነበር። ዳንታ ታች፣ ዊርካ ላይ ቱቦውን ይዞ። የገዢው መኪና መንገዱ ዳር ቆሞ ጥሩምባውን ይነፋል። ከጥልቅ የሚወጣ ሰው ቀስ ብሎ፣ መሃል ላይ እየቆመ መውጣት አለበት፤ አለበለዚያ ሽባ ያደርገዋል፤ ይህን ሁሉም ያውቃል። ዊርካ ቱቦውን ሦስት ጊዜ ጎተተ። ውጣ፣ ቶሎ ማለት ነው። ዳንታ ታዛዥ ታናሽ ወንድም ነበር፤ ወጣ። ማታውኑ እግሮቹ አልታዘዝ አሉት። ስምንት ወር ምንጣፍ ላይ ተኝቶ ሞተ። ከዚያ ወዲህ አሥራ አራት ዓመት፣ ስለዚህ ነገር ከዊርካ ጋር አንዲት ቃል ተነጋግረን አናውቅም።

እኩለ ቀን ላይ ዊርካ መጣ። የዘበኛ ምልክት የሆነውን ጥቁርና ነጭ ዳማ ጨርቅ አሸርጦ፣ በዘበኛ አረማመድ፣ የራሱን ቤት ሊቆጣጠር! በሬ ላይ ቆመና ጣሳዬን አየ።

"ምን እያደረግሽ ነው?" አለ በሹክሹክታ።

"ቁልፉን አምጣ" አልኩ፣ እኔም በሹክሹክታ። በሹክሹክታ መቆጣት ምን ያህል ጉሮሮ እንደሚያቃጥል ያልሞከረው አያውቅም።

"አይቻልም። ሙድራ የአለቃው ቤት በዝምታ ቀን ያጉረመርማል ብሎ ለሸንጎው ሊከሰኝ ነው። እኔ ምሳሌ መሆን አለብኝ።"

"እሺ ብለኸኝ አልነበረም?"

"ብያለሁ። ኋላ ሳስበው..."

"አንተ መቼ አስበህ ታውቃለህ?"

"ራስቲ፣ አንድ ቀን ነው! ሰባት ወር ጠብቁ ጠብቁ ስትይን አልነበረም? ይሄ ሁሉ ወር የጠበቀ ውሃ አንዲት ቀን መጠበቅ ያቅተዋል?"

ደሜ ፈላ። የራሴን ቃል እንዲህ አጣሞ ሲመልስልኝ ጣሳውን ፊቱ ላይ ልወረውር ምንም አልቀረኝ። ያዳነው አበባዋ አየር መፈለጓ ነው።

"ቁልፉን አምጣ።"

"ከኔ ጋር የለም። እንዳልታማ ብዬ ለመቅደሱ ሽማግሌ አስረከብኩት። እሳቸው ደግሞ በተመስጦ ላይ ናቸው፤ ነገ ሳይነጋ ማንም አያናግራቸውም።" ከዚያ ጭራሽ እጄን አየና፣ "ደግሞስ ይሄ ሥራ አይደለም? ዛሬ ሥራ ክልክል ነው" አለኝ።

"ክሰሰኝ።"

"በቀስታ ተናገሪ..."

"ክሰሰኝ እኮ ነው የምልህ! ቸኩለህ ትቆልፋለህ፣ ቸኩለህ ትከፍታለህ፣ ቸኩለህ ዋስ ትሆናለህ። ወንድምህንም እንዲሁ ነው ቱቦውን ሦስት ጊዜ ጎትተህ ያወጣኸው።"

ድምፄ ከሹክሹክታ አልፎ ነበር። ግቢው ውስጥ የዊርካ ሚስት ብድግ ስትል ሰማሁ። ዊርካ የዳማውን ጨርቅ ጫፍ ያዘ፣ ለቀቀ፣ እንደገና ያዘ። ከዚያ ዞሮ ወጣ።

አልጸጸተኝም። ልዋሻችሁ አልችልም፣ ቅንጣት አልጸጸተኝም። ጣሳዬን እያነሣሁ አሥራ አራት ዓመት የያዝኩትን እዚህ ባፈሰው ምን አለበት እያልኩ ማፍሰሴን ቀጠልኩ። ክንዴ ግን መዛል ጀምሮ ነበር።

አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ ተመለሰ። ጨርቁ ወገቡ ላይ የለም፤ ለምክትሉ ሰጥቶት መጥቷል። ጣሳውን ከእጄ ወሰደና ይቀዳ ጀመር። እንደ ልማዱ እየተጣደፈ፣ ውሃውን ድንጋዩ ላይ እያንቧቸረ።

"ቀስ በል" አልኩት።

ቀስ አለ። እንደገና ረስቶ ሲጣደፍ፣ "ቀስ" አልኩት። እንዲህ በተራ በተራ፣ አንዳችን ስንዝል ሌላችን እየተቀበልን አነጋነው። ጨረቃ የሌለችበት ሌሊት ስለሆነ ውሃውን በድምፁ ብቻ ነበር የምናውቀው።

ሲነጋ ዊርካ ወደ መቅደሱ ሮጠ፤ ለዚህኛው ሩጫ ቃል አልተናገርኩም። ቆጣሪው ተከፈተ፣ ፓምፑ አጉረመረመ። የዝምታው ሰዓት አልቋል። እኔም ቀኑን ሙሉ የደረደርኩትን ስድብ በሩ ላይ ቆሜ አንድም ሳላስቀር ለቀቅኩበት። ሙድራ በአጥሩ ላይ ብቅ ብሎ ነበር፤ የሱን ድርሻ ሰጥቼው ተመልሶ ተደበቀ። ዊርካ ግን አልተነቃነቀም፤ በትከሻዬ ላይ አሻግሮ ገንዳውን ያያል።

"ራስቲ" አለ። "ሁለት ናት።"

ዞርኩ። አንዷ ስንጥቋ ውስጥ አለች። ሌላዋ፣ ትንሿ፣ ውሃ ስናፈስበት ወደነበረው ጥግ ወጥታ ተጣብቃለች። ጎኖቻቸው ተቀድደው ነጭ ሥጋቸው ይታያል።

"ወለደች!" ፊቱ በራ። "ወለደች እኮ! ልንገራቸው?" አንድ እግሩ ከደጅ ወጥቷል።

"አልወለደችም። የምትሞት መስሏት ነው የተቀደደችው፤ ቢያንስ ግማሿ እንዲተርፍ። ይሄ ቁስል ነው። ቁስሉ ከገማ ሁለቱም ይሄዳሉ። ለማንም አንዲት ቃል እንዳትተነፍስ።"

"እስከ መቼ?"

"እስክነግርህ። የቆጣሪውንም ቁልፍ ስጠኝ።"

ሰጠኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በየማለዳው እየመጣ በሬ ላይ ይቆማል። "ዳነች?" አይልም። እጁን ወደኋላ አጣምሮ ያይና ይሄዳል። እንዲጠይቀኝና እንድጮህበት የምፈልግበት ቀን ነበር፤ እሱንም ነፈገኝ።

በሃያ አንደኛው ቀን ሁለቱም የሰጠኋቸውን የሽሪምፕ ሥጋ በሉ። ቁስሉ ገጥሟል፣ አፋቸው ተዘግቷል፣ ጣቶቻቸው ሞልተዋል። ዊርካ ሲመጣ፣ "በቃ፣ ሂድ ንገር። ለሽማግሌውም፣ ለሙድራም፣ ለፈለግከው ንገር። ነገ ባሕሩ ሲሸሽ ትንሿን ወደ ድንጋዩ እንመልሳታለን" አልኩት። ሲሮጥ ለማየት ተዘጋጅቼ ነበር።

አልሮጠም። ወደ ትንሿ ተጠግቶ ጎንበስ አለ፤ ብዙ ቆየ።

"ገና ቀጭን ናት" አለ። "ትንሽ ብንቆይስ?"

እንዲህ ተናድጄ አላውቅም። የዝምታው ቀን ቁጣ ከዚህ ጋር ሲተያይ ምንም አልነበረም። ሰውየው ቃሏን ያውቃታል ማለት ነው! ሁለት ቃል ናት፣ ትንሽ እንቆይ፤ እዚያው አፉ ውስጥ ነበረች። ያን ቀን ጀልባው ላይ ቱቦውን ይዞ ሳለ፣ መኪናው ጥሩምባውን ሲነፋ፣ ይችኑ ለሹፌሩ ቢላት ኖሮ ዳንታ ዛሬ ይህን ገንዳ አብሮን ያይ ነበር። ዊርካም የምለውን ሳልለው አወቀ መሰለኝ፤ ከመስታወቱ ቀና አላለም፤ ትከሻው ግን ይንቀጠቀጥ ነበር።

"እንቆያለን" አልኩትና ጣሳዬን አንሥቼ ወጣሁ። ሲያለቅስ ላየው አልፈለግኩም፤ ካየሁት መናደዴን ልተው ነው።